«ዕረፍት» ተብለሽ ቤት ስትገቢ፦ አልጋ ላይ የሚያልፍን እርግዝና እንዴት ትይዢዋለሽ?

ወረቀቱ ላይ የነበረችው አንዲት ቃል ናት፦ «ዕረፍት»።

ወሩ ሐምሌ ነው። ጅማ ዝናቡን ታወርደዋለች። የ27 ሳምንት ነፍሰጡር ነበርኩ። ጠዋት ስነሣ ደም አየሁና እየተንቀጠቀጥኩ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። አልትራሳውንድ ታየሁ። እንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዶ የማህፀን በር ላይ ተቀምጧል ተባልኩ። ከዚያ ያቺ ወረቀት ተሰጠችኝ። ስንት ቀን? መቀመጥ ይቻላል? ሽንት ቤትስ? የነገረኝ የለም። እኔም ድንጋጤው አፌን ዘግቶት አልጠየቅኩም።

ቤት ገብቼ 11 ቀን እንደ ግንድ ተጋደምኩ። እማዬ ታጎርሰኛለች። ትራሴን እንኳ ራሴ አላስተካክልም። በ12ኛው ቀን ሌላ ሐኪም ጋ ለመሄድ ስነሣ ጉልበቴ ከዳኝ። ባለቤቴ ባይዘኝ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ሐኪሟ ነገሩን ሰምታ «ማነው እንዲህ ድርቅ ብለሽ ተኚ ያለሽ?» አለችኝ። ለካ የተፈለገው ከባድ ነገር እንዳላነሣ፣ ብዙ እንዳልቆም፣ መንገድ እንዳልወጣ ነው። ቁጭ ብዬ መብላት፣ ቤት ውስጥ ቀስ ብዬ ወዲያ ወዲህ ማለት ይቻል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ በደንብ ተያይዤ አለፍኩት። በ37ኛው ሳምንት በኦፕራሲዮን ወለድኩ። እዚህ የምጽፍልሽ ያኔ በመጀመሪያው ቀን ቢነገረኝ ኖሮ ያልኩትን ነው። ሐኪምሽ ካለችሽ ጋር የሚጋጭ ነገር ካገኘሽበት የእሷን ያዢ፣ የኔን ተዪ።

1. ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጪ ጠይቂ

«ቤድ ሬስት» የሚባለው አንድ ነገር አይደለም። ለአንዷ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ጋደም ማለት ነው። ለሌላዋ ሥራ አቁሞ ቤት መዋል ነው። ሆስፒታል ተኝታ የምትከታተልም አለች። ምክንያቱም ይለያያል፦ ደም መፍሰስ፣ የእንግዴ ልጅ ወደ ታች መውረድ፣ የደም ግፊት፣ ያለጊዜው የመጣ ምጥ፣ የማህፀን በር ማጠር፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ መንታ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔን አናዶኛል፦ ሙሉ ቀን አልጋ ላይ መዋል ያለጊዜው መውለድን እንደሚያስቀር ጥናቶች አላረጋገጡም። ለዚህም ነው ትልልቅ የማህፀን ሐኪሞች ማኅበራት በደፈናው «ተኚ» ማለትን የማይመክሩት። ይልቁንስ ብዙ መተኛት የራሱ ጣጣ አለው፦ የደም መርጋት፣ የጡንቻ መላላት፣ የአጥንት መሳሳት፣ ድብርት። ታዲያ ይህን ይዘሽ ሄደሽ ሐኪምሽን አትጣዪ። የሥራ ጫናን መቀነስ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ደም ያየች ሴት ጀሪካን ተሸክማ አትውልም። አንቺ ግን ምን እንደታዘዘልሽ ማወቅ መብትሽ ነው።

ጥያቄዎቹን ስልክሽ ላይ ጻፊ። ባልሽ ወይም እህትሽ አብረው ይግቡና መልሱን እነሱ ይጻፉ። አንቺ በዚያ ሰዓት የምትሰሚው ግማሹን ነው።

- ችግሬ ስሙ ምንድነው? ካርዴ ላይ ይጻፍልኝ።
- በቀን ስንት ሰዓት ልተኛ? ቁጭ ብዬ መብላት፣ ሻወር መውሰድ፣ ደረጃ መውጣት እችላለሁ?
- ትልቁን ልጄን ማንሣትስ?
- ከባለቤቴ ጋር ግንኙነትስ?
- እግሬን ማንቀሳቀስ ያለብኝ እንዴት ነው?
- መቼ ነው ተመልሼ የምታየው? ያኔ ዕረፍቱ ሊነሣ ይችላል?

የመጨረሻዋን እንዳትረሺ። ማብቂያ ቀን የሌለው ዕረፍት ያሳብዳል። በተለይ እንደኔ እንግዴ ልጅሽ ወርዷል ከተባልሽ፣ ማህፀን ሲያድግ አብሮ ወደ ላይ የሚሸሽበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ በ32ኛው ሳምንት አካባቢ ድጋሚ አልትራሳውንድ መታየት ያስፈልጋል። የኔ አልሸሸም። የአንቺ ሊሸሽ ይችላል። እስኪታወቅ ድረስ ግን ግንኙነት የለም፣ በእጅ የሚደረግ የውስጥ ምርመራም የለም። ሌላ ጤና ተቋም ከሄድሽ ገና ከበሩ «እንግዴ ልጄ ከታች ነው» በይ።

2. አልጋሽን አስተካክዪ

መኝታ ቤት ውስጥ ተዘግተሽ አትተኚ። ሳሎን፣ መስኮት አጠገብ፣ በሩ የሚታይበት ቦታ ይሁን። ሰው ሲገባና ሲወጣ ማየት መድኃኒት ነው። እኔን ለሳምንት ከጓዳ ካስተኙኝ በኋላ ነው ወደ ሳሎን የመጣሁት፤ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

የጅማ ክረምት ከሆነብሽ እርጥበቱን አስቢበት። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ አልጋውን አንድ ክንድ ያህል አርቂው። ፍራሹ ከሥር ይሻግታል፣ በሳምንት አንዴ ይገልበጥ። አጎበር ይሰቀል። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ወባ ይነሣል፣ ነፍሰጡርን ደግሞ አይምራትም።

አተኛኘትሽ በጎን ይሁን፣ ግራ ቢሆን ይመረጣል። በጀርባ ቀጥ ብሎ መተኛት ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዲጫን ያደርጋል፤ ራስ ያዞራል፣ ለልጁም የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። አንድ ትራስ በጉልበቶችሽ መሀል፣ አንድ ከጀርባሽ፣ አንድ ትንሽ ደግሞ ከሆድሽ ሥር አድርጊ። ትራስ ከሌለ ጋቢ ተጠቅልሎ ይሠራል። ቀኙም ሐራም አይደለም፤ ጎንሽ ሲቃጠል ገልበጥ በይ።

እጅሽ የሚደርስበት ቦታ ላይ በርጩማ አስቀምጪ። ለዚህ የጅማ በርጩማን የሚያህል የለም። ሦስት እግር ስላለው ወለሉ ቢጎረብጥም አይወላገድም። የኔ በርጩማ ላይ የሚውሉት፦ ክዳን ያለው የውሃ ጆግ፣ ስልክና ቻርጀር፣ ፓወር ባንክ (መብራት ይሄዳላ)፣ ባትሪ፣ የክትትል ካርዴ፣ እንክብሎቼ፣ ማበጠሪያ፣ ቅባት፣ አንድ ኩባያና ማንኪያ። ማንኪያዋ ለመብላት አልነበረም። ኩባያዋን ኳ ኳ ሳደርጋት ከማጀት ይሰማሉ። ጮኾ ከመጣራት ያድናል።

3. የሽንት ቤት ነገር

ይህን የሚጽፈው የለም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ያስለቀሰኝ ይኸው ነው። የምንኖረው ኮቺ፣ አራት ቤተሰብ ባለበት ግቢ ነው። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፣ ቁጢጥ የሚባልበት። እስከዚያ ያለው መንገድ ደግሞ በክረምት ድጥ ነው። አንድ ነፍሰጡር ደም እያየች ያን ድጥ አትሻገርም፣ ሌሊት ደግሞ በፍጹም።

መጀመሪያ ባለቤቴ ነጩን የፕላስቲክ ወንበር ገዝቶ መቀመጫውን በጋለ ቢላ ቆረጠው። ከዚያ ልሞክረው ብሎ ተቀመጠበት። ወንበሩ እግሩን ከፈተና ሰውዬው ዘጭ! እግዚአብሔር ይስጠው ቀድሞ መሞከሩ። ፕላስቲክ መሀሉ ሲቆረጥ አቅም ያጣል፣ አትሞክሩት።

ሁለተኛው ሠራ። አናጢ ጋ ሄዳችሁ እንዲህ በሉ፦ አራት ወፍራም እግር፣ ከፍታው ጉልበትሽ ድረስ፣ መሀሉ ክብ ቀዳዳ፣ በሁለቱም ጎን የእጅ መደገፊያ። መደገፊያው ግዴታ ነው፤ ስትነሺ የምትጨብጪው እሱን ነው። የቀዳዳው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ከዚያ አሮጌ ካላማዳሪ በስሱ ተቆርጦ ይጠምጠምበት። ቆዳ አይልጥም፣ ለማጠብም ይመቻል። ከሥሩ ክዳን ያለው ባልዲ ይገባል። ባልዲው ውስጥ አንድ እፍኝ አመድ ካለ ሽታ የለም። ጥግ ላይ በመጋረጃ ይከለል፣ ሰው ሲመጣ እንዳትሳቀቂ።

ማን ይደፋዋል? ይህን በግልጽ ተነጋገሩ። እኛ ቤት ጠዋት ባለቤቴ፣ ማታ እህቴ ነበረች። እማዬ «ወንድ ልጅ እንዴት!» ብላ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ለመደች።

ድርቀቱም አለ። መተኛቱ አንጀትን ያሰንፋል፣ የብረት እንክብሉ ይጨምርበታል። ሰገራሽ ቢጠቁር ከእንክብሉ ነው፣ አትደንግጪ። ማማጥ ግን አያስፈልግም። የረዳኝን ልንገርሽ፦ ማታ የተዘፈዘፈ ተልባ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ፓፓያ፣ ብዙ ውሃ፣ ጎመን። ጅማ ተቀምጦ ፓፓያና አቮካዶ ማጣት ነውር ነው። ሦስት አራት ቀን ካለፈሽ ለሐኪም ንገሪ፣ ለነፍሰጡር የሚሆን ማለስለሻ አለ። ከጎረቤት የሚመጣ «ኮሶ ነገር» ግን አትንኪ።

4. እግርሽ እንዳይተኛ

እርግዝና በራሱ ደምን ለመርጋት ያቀርበዋል። መተኛት ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ ሐኪምሽ «አትንቀሳቀሺ» ብላ ለይታ ካልከለከለችሽ በቀር ነቅተሽ ባለሽበት ሰዓት ሁሉ እግርሽን አሠሪው።

የእግርሽን ጣቶች ወደ ራስሽ ሳቢ፣ ከዚያ እንደ መኪና ፍሪሲዮን ወደ ፊት ግፊ። 20 ጊዜ። ቁርጭምጭሚትሽን በቀኝ 10፣ በግራ 10 አዙሪ። ጉልበትሽን ቀስ ብለሽ አጥፈሽ ዘርጊ፣ ተረከዝሽ ከፍራሹ ሳይነሣ። እጅሽን ወደ ላይ ዘርግተሽ በረጅሙ ተንፍሺ። (እጅሽን ከራስሽ በላይ ካነሣሽ እትብቱ የልጁን አንገት ይጠመጥማል የሚሉሽ ይመጣሉ። ውሸት ነው።) ሆድሽን የሚያስጨንቅ፣ ትንፋሽ የሚያስይዝ ነገር አትሥሪ። ስትሠሪ ቁርጠት ወይ ደም ካየሽ አቁሚ።

ሰዓት ማስታወስ ካስቸገረሽ እንደኔ አድርጊ። እኛ ሰፈር መስጊዱ ቅርብ ነው። አዛን ሲል ሙሉውን እሠራለሁ፤ ሱብሂ፣ ዙህር፣ አስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ። በመሀል ያለውን ደግሞ በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚቴን ብቻ። ጎረቤታችን ሙስሊም ናት፣ ይህን ስነግራት «አንቺ ክርስቲያን፣ ሶላትሽን ሳታሳልፊ ወለድሽ በይኛ!» ብላ ሳቀች።

ይህን ለይ፦ ሁለቱም እግር ማታ ማታ ትንሽ ቢያብጥ የተለመደ ነው። አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ባትሽ ከሞቀና ካመመሽ ግን የዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው። አትሺው። ድንገት ደረትሽን ከወጋሽ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ ደቂቃ አትጠብቂ።

5. ምግብና ቡና

«ለሁለት ብዪ» የሚሉሽን በፈገግታ እለፊያቸው። ተኝተሽ እየዋልሽ ለሁለት ከበላሽ ቃር ይገልሻል። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ከፍ ብለሽ ተደገፊ። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ወተት። ወተትና ሙዝ ነጭ ስለሆነ የልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል የሚባለው ተረት ነው። ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር የልጁ ቆዳ የሚሠራው የራሱ መጠበቂያ ነው።

የኔ አልጋ ዘመን ፍልሰታን አጋጠመኝ። ጨነቀኝና የንስሐ አባቴን አስጠራሁ። ቁጭ እንኳ ሳይሉ «ብዪ፣ ልጄ» አሉኝ። አንቺም ጠይቂ፣ ራስሽ አትፍረጂ። ረመዳን ለሚገጥማትም ያው ነው፤ ለነፍሰጡር ፈቃድ አለ።

ቡና ላይ ስንመጣ... የቡና አገር ተወልዶ ቡና ተዪ ማለት ይከብዳል። ተዪ አልልሽም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰጡር እንድትቀንስ ይመክራል። እዚህ ቤት ደግሞ ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ቀን እንደገና፤ ማታ ደግሞ ሦስተኛ። እኔ ጠዋት አንድ ስኒ ብቻ ብዬ ተስማማሁ፣ ሽታው ለሌላው ጊዜ በቃኝ። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዙት እንክብልሽን ከቡናው ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው። በብርቱካን ብትውጪው ጥሩ ነው።

ቡናው ላይ የምትጣለዋ ጤና አዳም ግን ትቅር። ማህፀንን የማነሣሣት ጠባይ አላት። እማዬ አልዋጥላት ብሎ «እኔ አንቺን ስወልድ ጠጥቻለሁ» አለች። ልትጠጣ ትችላለች፤ እንግዴ ልጇ ግን ከታች አልነበረም። ጫት ደግሞ ጭራሽ አይነሣ፣ የልጁን ክብደት ይቀንሳል።

6. ቤቱ ካላንቺ እንዲዞር

አልጋ ላይ ሆነሽ ቤቱን በዓይንሽ ልትመሪ ትፈልጊያለሽ። አይሆንም። ድስት ሲያር ይሸትሻል፣ መነሣት የለም። አንድ ወረቀት ላይ ቤቱ በሳምንት የሚፈልገውን ሁሉ ጻፊ፣ እያንዳንዱ አጠገብ የሰው ስም ይግባ። «እንረዳዳለን» የሚባለው ነገር በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋል። ስም ያለበት አይጠፋም።

የኛ ወረቀት እንዲህ ነበር፦ የሐሙስ ገበያ እህቴ፤ እንጀራ ከጎረቤት ተከፍሎ ይገዛል፤ ልብስ ቅዳሜ ባለቤቴ፤ ትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ የጓሮ ጎረቤታችን፤ ውሃ ሲመጣ በርሜል መሙላት የቤት ኪራይ ልጆቹ። ሰው «ምን ልርዳሽ?» ሲልሽ «ምንም፣ ተመስገን» አትበዪ። ወረቀቱን አሳዪውና አንድ መስመር ይምረጥ።

ትንሽ ልጅ ካለሽ እሱም ግራ ይገባዋል። የኔው «እማ፣ ለምን አታነሺኝም?» እያለ ሁለት ቀን አኮረፈ። እኔ ወደ እሱ መውረድ ካልቻልኩ እሱ ወደ እኔ ይውጣ ብዬ ከአልጋው አጠገብ ጠንካራ መወጣጫ አስደረግኩለት። ማታ ማታ ከጎኔ እየተኛ ተረት እነግረዋለሁ። ሆዴን እንዳይረግጥ ትራስ መሀል ላይ።

ተቀጣሪ ከሆንሽ ፈጥነሽ የሐኪም ወረቀትሽን አስገቢ፣ ቅጂውን ያዢ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር አለሽ። ከዚያ ውጭ ሐኪም ዕረፍት ካዘዘልሽም ክፍያ ያለው ፈቃድ ይሰጥሻል። የመንግሥት ሠራተኛም 30 እና 90ው አላት። ወረቀቱ ላይ «ዕረፍት» ብቻ ሳይሆን ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ መጻፉን እይ። የኔ መሥሪያ ቤት ቀን የለውም ብሎ መልሶብኝ ባለቤቴ በዝናብ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል።

7. ጠያቂ

ጅማ ላይ ተኝተሽ ብቻሽን አትሆኚም፤ ችግሩም እዚያ ነው። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚለው ምርቃት ያጽናናል። ዱዓውም እንዲሁ። ከምርቃቱ በኋላ የሚመጣው ወሬ ነው ችግሩ። «የእህቴ ልጅ ልክ እንዳንቺ ደም ይፈሳት ነበር፣ ምስኪን...» ይጀመራል።

እማዬን በር ላይ ዘበኛ አደረግኳት። ጠያቂ ከ9 እስከ 11 ሰዓት። ቡናው ሲያልቅ እማዬ «እሷ ትተኛ» ትላለች፣ እኔ አልናገርም። መጥፎ ወሬ ሲጀመር ደግሞ የማርያምን ስም ጠርታ ትቆርጠዋለች፦ «በማርያም፣ እሱን ተዪው!» ማርያም ከተጠራች ደፍሮ የሚቀጥል የለም።

ሆድሽን ልሽሽ፣ ልጁን ላስተካክለው የምትል አዋቂ ብትመጣ አመስግነሽ ሸኛት። እንግዴ ልጅ ከታች ላለባት ሴት ሆድ ማሸት ደም ማስነሣት ነው። በዚህ ላይ ይሉኝታ የለም።

8. የማያልቀው ቀን

ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚከብደው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታዋል፣ ሁሉም ሥራው ላይ ነው፣ አንቺ ጣሪያ ትቆጥሪያለሽ። የኔ ቤት ጣሪያ ኮርኒስ 14 ቁራጭ ነው።

ቀንሽን ቁረጪው። ጠዋት ሌሊት ልብስሽን ቀይሪ፣ ፀጉርሽን ተሠሪ፤ ተኝተሽም ቢሆን። ከዚያ የምትሠሪው የሚታይ ነገር ይሁን። እኔ ዳንቴል ያዝኩ፣ ከልጅነቴ ወዲህ ነክቼው አላውቅም ነበር። ጠማማ ነው፣ ግን በየቀኑ ያድጋል። ስልክ ላይ መንከባለል ግን አያሳድግም። ፌስቡክ ላይ ስለ ሕመምሽ መፈለግ ደግሞ ከጠያቂም ይብሳል።

ግድግዳ ላይ ሳምንቶቹን ጽፌ ማታ ማታ ቀኑን እሰርዛለሁ። 28፣ 32፣ 34፣ 37 በቀይ። አንዷን ቀይ ባለፍን ቁጥር ቂጣ በማር እንበላለን። የጌራ ማር ነበር፣ የባለቤቴ ዘመዶች የላኩት። እንቁጣጣሽም አልጋ ላይ አገኘኝ። የሰፈሩ ልጆች «አበባየሆሽ» ሊሉ ሲመጡ እማዬ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታላቸው አልጋዬን ከበው ዘፈኑ። ለቅሶዬ መጣ፣ ግን ጥሩው ለቅሶ።

መጥፎውም አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ደስ ካላለሽ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ለክትትል ሐኪምሽ ተናገሪ። ሞልቃቃ አትባዪም። ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው።

9. ቶሎ መሄድ ያለብሽ ጊዜ

ይህችን ክፍል ገልብጠሽ በር ላይ ለጥፊያት፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ያንብባት። ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል፦

- ማንኛውም የደም መፍሰስ፣ ሕመም ባይኖረውም
- የሽርት ውሃ መፍሰስ
- ከ37 ሳምንት በፊት ተመላልሶ የሚመጣ ቁርጠት ወይ የወገብ ሕመም
- የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚያም ነገር
- ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ
- የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ

የመጨረሻውን እንዲህ ታውቂዋለሽ። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከበላሽ በኋላ፣ በግራ ጎንሽ ተኝተሽ ቁጠሪ። በሁለት ሰዓት ውስጥ 10 እንቅስቃሴ ካልሞላ ነገ አትበዪ።

ግፊት ካለብሽና መለኪያ ቤት ካለ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለሽ ተረጋጊ፣ ክንድሽን በልብሽ ትክክል አድርገሽ ለኪ፣ ጻፊ። 140/90 ከደረሰ ለሐኪምሽ ደውዪ። 160/110 ከሆነ ቤት መቀመጥ የለም።

መኪናው ቀድሞ ይታወቅ። ባጃጅ ደም እየፈሰሰሽ በኮብልስቶን ላይ የሚኬድበት ነገር አይደለም። መኪና ያለው ጎረቤት፣ ሁለት የኮንትራት ሾፌር፣ የቀበሌሽ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የአምቡላንስ ስልክ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የት እንደምትሄጂም ሐኪምሽን አስቀድመሽ ጠይቂ። ጅማ ላይ ከባድ ነገር በመጨረሻ የሚላከው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው፤ ሸነን ጊቤም አለ። ቀድሞ መድረስ ጥቅሙ ብዙ ነው፦ ከ34 ሳምንት በፊት ምጥ ከተሰጋ የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ለእናትየው ይሰጣል፣ መርፌው ግን ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋል። ከከተማ ራቅ ካለ ወረዳ ከሆንሽ ስለ እናቶች ማቆያ ጤና ጣቢያሽን ጠይቂ፤ ቀኑ ሲቃረብ እዚያው ቆይቶ መጠበቅ ይቻላል።

የደም ዓይነትሽ ካርድሽ ላይ ይኑር። ኔጌቲቭ ከሆንሽና ደም ካየሽ ስለሚሰጠው መርፌ አንቺው አንሺ። ደም ሊሰጡ የሚችሉ ሁለት ሦስት ዘመዶችም ቀድመው ይነገራቸው። ኦፕራሲዮን ስገባ አማቼና የባለቤቴ ጓደኛ በር ላይ ነበሩ።

10. ስትነሺ

«ተነሺ» የተባልሽ ቀን ዘለሽ አትነሺ። መጀመሪያ በጎንሽ ተገልበጪ። በክንድሽ ተደግፈሽ ቁጭ በዪ። እግርሽን አንጠልጥለሽ እስከ ሃምሳ ቁጠሪ። ከዚያ ሰው ይዞሽ ቁሚ። የመጀመሪያው ቀን እስከ በሩ፣ በሁለተኛው እስከ በረንዳው። ባትሽ ይንቀጠቀጣል፣ ወገብሽ ይጮኻል፣ ጥቂት ሳምንት ይወስድበታል። ገንፎው እስኪበላ ድረስ እኔም አንካሳ ነበርኩ።

ወንበሩን የሠራው አናጢ ሂሳቡን ስንከፍለው «እንደዚህ ያለ ወንበር አዝዞኝ የሚያውቅ የለም» ብሎ ነበር። አሁን ወንበሩ እኛ ቤት የለም። ከግቢያችን ማዶ መንታ ያረገዘች ልጅ ወስዳዋለች፣ ከእሷ በፊት ደግሞ አጂፕ አካባቢ ያለች አንዲት መምህርት ጋ ነበር። ካላማዳሪው አንዴ ተቀይሯል።